ምዕራፍ 6፦ መብራት ሲመጣ ከየት እንቀጥል?

አንድ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ፍሬዛ ስድስት ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ እየበሳ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ መብራት ቢጠፋ፣ በዚያች ደቂቃ የሚሆነው ነገር ብዙም አያስደነግጥም። ስፒንድሉ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። ወደ ታች የሚወርደውን አክሲስ ፍሬኑ ይይዘዋል። መቁረጫውን ጨብጦ የያዘው ስፕሪንግ ስለሆነ አይወድቅም። ጭንቁ የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው። ፕሮግራሙ ከየት ይቀጥል? ከመጀመሪያው ቢባል የተሠራው ሥራ እንደገና ይሠራል፣ አንዳንድ ሥራ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ይበላሻል። ከመሀል ቢባል የትኛው መስመር ላይ? ያ መስመር ሲነበብ ስፒንድሉ እየዞረ ነው ወይስ ቆሟል? የሲኤንሲ ፕሮግራም ፍሰት፣ ማለትም ዝላይ፣ ድግግሞሽ፣ ሁኔታዊ ትእዛዝና ንዑስ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ፕሮግራምን የማሳጠሪያ ዘዴ ተደርጎ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ግን ፍሰት የሚመዘነው ባጠረው መስመር ብዛት አይደለም ብዬ ነው። ሚዛኑ ፕሮግራሙ በድንገት በቆመበት ቦታ ላይ፣ ፊቱ የቆመው ሰው እስካሁን ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ በእርግጠኝነት መናገር መቻሉ ነው።

ይህን ጥያቄ ከኮምቦልቻና ከደሴ ተነስቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ውጤቶች ፋብሪካው፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም ያሉት እዚያ ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች የሚኖሩት በመለዋወጫ ነው። ቡሽ ይበላል፣ ጊር ጥርሱ ይረግፋል፣ ሻፍት ይቆረጣል፣ ፍላንጅ ይሰነጠቃል። ከውጭ ማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ወራትም ይወስዳል። አዲስ አበባም ብትሆን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለአንድ ማሽን ሾፕ የሚመጣለት ሥራ የአንድ ዕቃ አሥር ሺህ ቅጂ አይደለም፤ ዛሬ ሁለት ፍላንጅ፣ ነገ ሦስት ቡሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የዛሬውን ፍላንጅ የሚመስል ነገር ግን ቀዳዳው ስምንት የሆነ ሌላ ፍላንጅ ነው። ይህን ሥራ ነገ የሚረከቡት ኮምቦልቻ ውስጥ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ፣ ደሴ ላይ ደግሞ በወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ የሚሠለጥኑት ልጆች ናቸው። ሥራው በየመሀሉ እንደሚቋረጥም የታወቀ ነው። የዘወትሩን የመብራት መቆራረጥ ትተን፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ሲያጥለቀልቅ ሥራ ሁሉ ባለበት ቆሞ እንደነበር የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም። ለእንዲህ ያለ ቦታ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መቆምን ከመጀመሪያው አስቦ መጻፍ አለበት።

የዝላይን ነገር ለመረዳት ዝላይ ካልነበረበት ዘመን መነሳት ይሻላል። ማሽንን በተበሳ ወረቀት የማዘዝ ሐሳብ የመጣው ከሽመና ነው። ፈረንሳዊው ዣካርድ እ.ኤ.አ. በ1804 ባሳየው የሽመና ማሽን ላይ የጥለቱ ትእዛዝ በተበሱ ካርዶች ተጽፎ ነበር፤ ካርዶቹ በክር ተያይዘው ዙሩ ሲገጠም ጥለቱ ያለማቋረጥ ይደጋገማል። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ለሆነችው ኮምቦልቻ ይህ የዘር ሐረግ ሩቅ አይደለም። ብረት መቁረጫው ዘንድ ሐሳቡ የደረሰው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽን በቁጥር ለማስቆረጥ የጀመረው ጥረት ወደ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ ታየ። ትእዛዙ የተጻፈው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነበር። ጥብጣብ ወደ ፊት ብቻ ይነበባል። ማሽኑ መስመሩን ያነባል፣ ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ጥብጣቡን እስከ መጀመሪያው በመጠቅለል ነው። ዛሬ የፕሮግራም ማብቂያ አድርገን የምንጽፈው ኤም 30 ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ ጥብጣቡን ጠቅልለህ ወደ መነሻው መልስ ማለት ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ሁኔታዊ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ እሱም በመስመር ራስ ላይ የሚደረገው ያዘመመ ጭረት ነው። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለው ማብሪያ ከበራ ጭረት ያለበት መስመር ይዘለላል፣ ካልበራ ይፈጸማል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የሚወስነው ፕሮግራሙ ሳይሆን የኦፕሬተሩ ጣት ነው። ይህ ትንሽ ማብሪያ ዛሬም በአብዛኛው ማሽን ላይ አለ፣ በኋላም እንመለስበታለን።

ኮምፒውተር ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲገባ ጥብጣቡ ቀረ፣ ፕሮግራሙም ወደ ማኅደረ ትውስታ ገባ፤ ያኔ ወደ ፈለጉት መስመር መሄድ ተቻለ። የጃፓኑ መቆጣጠሪያ አምራች ፋኑክ ኢፍ እና ጎቱ የሚሉ ትእዛዞችን፣ ዋይል የሚለውን የድግግሞሽ ትእዛዝ፣ በኤም 98 የሚጠራና በኤም 99 የሚመለስ ንዑስ ፕሮግራምን ሰጠ። የጀርመኑ ሲመንስ ለዝላይ ሁለት የተለያዩ ቃላት አበጀ፤ አንዱ ወደ ፊት ብቻ፣ ሌላው ወደ ኋላ ብቻ የሚዘል። ሃይደንሃይን ደግሞ መለያ ስም ሰጥቶ መለያውን ይህን ያህል ጊዜ ድገም የማለት ልማድ አለው። በእኔ ግምት የሲመንስ ምርጫ ትልቅ ማስተዋል አለበት፤ አንባቢው ትእዛዙን ባየ ጊዜ ወዴት ማየት እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። በፋኑክ ግን መቆጣጠሪያው የተባለውን የመስመር ቁጥር ካለበት ወደ ታች እየፈለገ ሄዶ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከላይ ጀምሮ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ኋላ መዝለል ወደ ፊት ከመዝለል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ የሚከፋም አለ። አንድን ቁራጭ ከሌላ ፕሮግራም ገልብጦ የለጠፈ ሰው አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ሊተው ይችላል። ያኔ መቆጣጠሪያው አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም፤ በመንገዱ መጀመሪያ ያገኘው ላይ ያርፋል።

ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ስለዚህ ጉዳይ ቀደም ብለው ተጣልተዋል። ቦምና ያኮፒኒ የተባሉ ሁለት ጣልያናውያን እ.ኤ.አ. በ1966 ማንኛውም ስሌት በሦስት ነገሮች ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል አሳዩ፤ ተከታታይነት፣ ምርጫና ድግግሞሽ። ነጻ ዝላይ የግድ አያስፈልግም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 መጋቢት ደግሞ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ የዝላይ ትእዛዝ ጎጂ ነው የሚል አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልበረደው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከጽሑፉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፍርዱን ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ምክንያቱ ነው። የሰው አእምሮ፣ ይላል ሐሳቡ፣ ቆሞ የሚታይን ነገር በደንብ ይረዳል፣ በጊዜ ውስጥ የሚሮጥን ነገር ግን ለመከታተል ይቸገራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍና በጊዜ ውስጥ የሚሮጠው ሥራ በተቻለ መጠን መቀራረብ አለባቸው። ሥራው አሁን የት ደርሷል ቢባል ጽሑፉ ላይ ጣትን አሳርፎ እዚህ ማለት መቻል ያስፈልጋል። ድግግሞሽ ካለ ጣቱ ብቻ አይበቃም፣ ስንተኛው ዙር እንደሆነም መታወቅ አለበት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው የተበላሸበት ሰው ስልክ ደውሎ ኩርባ ላይ ነኝ ቢል ማንም አያገኘውም፤ ስንተኛው ኩርባ? ነጻ ዝላይ የሞላበት ፕሮግራም እንዲሁ ነው። የመስመሩ ቁጥር ይታወቃል፣ በየትኛው መንገድና ስንት ጊዜ ዞሮ እዚያ እንደደረሰ ግን ከጽሑፉ አይነበብም።

የዳይክስትራ ጽሑፍ የተጻፈው ፕሮግራም ለሚያነቡና ለሚያርሙ ሰዎች ነበር። ፕሮግራሙ ቢቋረጥ ከመጀመሪያው ማስኬድ ይቻላል፤ ወረቀት ላይ የወጣ ስሌት ሁለት ጊዜ ቢወጣ የሚጎዳው የለም። ብረት ላይ ግን የተቆረጠው ተቆርጧል። ስለዚህ እሱ የአስተሳሰብ ንጽሕና ብሎ ያነሳው ነገር መብራት በሚቆራረጥበት ማሽን ሾፕ ውስጥ የገንዘብና የብረት ጉዳይ ሆኖ ይመጣል። ፕሮግራሙን መሀል ላይ የሚቀጥል ኦፕሬተር ራሱ እየዘለለ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያልተጻፈ፣ ጸሐፊው ያላሰበው፣ ከሁሉም ዝላይ አደገኛው ዝላይ ይህ ነው።

አደገኛ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዝላይ የሚዘልለው የሚነበበውን መስመር ብቻ መሆኑ ነው። መቁረጫው ባለበት ይቀራል። ከዚህም በላይ አብዛኛው የጂ ኮድ (የሲኤንሲ ፕሮግራም ቋንቋ) ትእዛዝ አንዴ ከተሰጠ የሚሽረው ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ የሚጸና ነው። ጂ 90 ከተባለ ልኬቱ ሁሉ ከዜሮ ነጥብ ይቆጠራል፤ ጂ 91 ከተባለ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ካለህበት ይቆጠራል። ኤክስ 50 የሚል መስመር በመጀመሪያው ሁኔታ ቦታ ነው፣ በሁለተኛው እርምጃ ነው። ጂ 91 ያለበትን ክፍል ሳይጨርስ የወጣ ዝላይ ያረፈበት መስመር ጂ 90ን ካልጠራ፣ ማሽኑ 50 ላይ በመድረስ ፈንታ 50 ሚሊ ሜትር ይገፋል፤ መንገዱ ላይ ሞርሳ ካለ ሞርሳውን ይመታል። የመቁረጫ ርዝመት ማካካሻ ሳይበራ የመጣ ዝላይም እንዲሁ፤ ማሽኑ ስለ መቁረጫው ርዝመት ምንም ሳያውቅ ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱም መስመሮች ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ማረፊያው ሌላ ሰው አዘጋጅቶልኛል ብሎ በማሰቡ ላይ ነው። ከዚህ የምደርስበት ሕግ ቀላል ነው፤ ሰው ወይም ፕሮግራም ሊያርፍበት የሚችል ማንኛውም መስመር የሚያስፈልገውን ሁኔታ ሁሉ ራሱ ያውጅ። የልኬት ዓይነቱን፣ ዜሮ ነጥቡን፣ መቁረጫውንና ማካካሻውን፣ የስፒንድሉን ፍጥነትና አዙሪት፣ ኩላንቱን። ከዚያም ወደ ጎን ከመሄዱ በፊት ወደ ላይ ይውጣ። እንዲህ የተዘጋጀ መስመር እስካለ ድረስ ዝላይን የምንፈራበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ካልተዘጋጀ ደግሞ ዋይልም ሆነ ንዑስ ፕሮግራም አያድንም።

አሁን ወደ ፍላንጁ እንመለስና ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ስድስቱ ቀዳዳዎች 80 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ናቸው እንበል። ራዲየሱ 40 ነው፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ኤክስ 40 ዋይ 0 ላይ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ኤክስ 20 ዋይ 34.641፣ ሦስተኛው ኤክስ ሲቀነስ 20 ዋይ 34.641፣ አራተኛው ኤክስ ሲቀነስ 40 ዋይ 0። ይህን ስድስት መስመር አድርጎ ዘርዝሮ መጻፍ ይቻላል። ሲቋረጥ ለማየትም ይመቻል፤ ኦፕሬተሩ አራተኛውን መስመር ያያል፣ አራተኛውን ቀዳዳ ያያል፣ ነገሩ አልቋል። ድክመቱ ነገ ሲመጣ ነው። 120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ስምንት ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ ሲመጣ ስድስቱም መስመር ይጣልና ኤክስ 42.426 ዋይ 42.426 እየተባለ ሌላ ስሌት ይሠራል፤ በእጅ የሚሠራ ስሌት ደግሞ በድካም ሰዓት ይሳሳታል። ድግግሞሽ የሚያድነን እዚህ ላይ ነው። የቀዳዳው ብዛትና ራዲየሱ በተለዋዋጭ ይያዛሉ፣ ማዕዘኑን መቆጣጠሪያው ራሱ 360ን ለብዛቱ አካፍሎ ያገኛል፣ ኮሳይኑንና ሳይኑን ያሰላል፣ ቁጥሩ እስኪሞላ ይዞራል። አንድ ፕሮግራም ለፍላንጅ ዘመድ ሁሉ ይሆናል። ለመለዋወጫ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

ነገር ግን ይህ ውብ ፕሮግራም መብራት ሲጠፋ ዘርዝሮ ከተጻፈው ይብሳል። የሚበሳው መስመር አንድ ነው፣ ስድስት ጊዜ ይነበባል፤ መስመሩን ማወቅ ስንተኛው ቀዳዳ እንደሆነ አይነግርም። የዙሩን ቁጥር የያዘው ተለዋዋጭስ? በፋኑክ ከ#1 እስከ #33 ያሉት፣ እንዲሁም ከ#100 እስከ #199 ያሉት ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋሉ። ከ#500 ጀምሮ ያሉት ግን በባትሪ ተይዘው ይቆያሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ቆጣሪውን #100 ላይ ወይም #500 ላይ የማድረጉ ምርጫ፣ በመጽሐፍ ላይ ሲታይ ምንም የማይመስል ምርጫ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሲሆን ፍላንጁን የማዳንና የመጣል ምርጫ ነው። ቆጣሪው #500 ላይ ከሆነ መብራት ሲመጣ ማሽኑ አራተኛው ላይ ነበርኩ ብሎ ማስታወስ ይችላል። ባትሪው መለወጥ ያለበት ማሽኑ በርቶ ሳለ መሆኑን እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ። ጠፍቶ ሳለ ባትሪውን የነቀለ ሰው ቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሞቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቆጣሪው መቼ ከፍ ይላል የሚለው ደግሞ ከተለዋዋጩ ምርጫ የረቀቀ ነው። መቆጣጠሪያው ሥራው እንዳይንገዳገድ ብሎ ወደ ፊት ቀድሞ ያነባል፤ መቁረጫው አንዱን መስመር እየፈጸመ ሳለ ቀጣዮቹ ይተረጎማሉ። ስሌት የሆነ መስመር ብረት ስለማይጠብቅ ወዲያው ይፈጸማል። ስለዚህ ብሳ ከሚለው መስመር ቀጥሎ ቆጣሪው ላይ አንድ ጨምር ተብሎ ከተጻፈ፣ አራተኛው ቀዳዳ ገና ግማሹ ሳይበሳ ቆጣሪው አምስት ሊል ይችላል። መብራት በዚያ ቅጽበት ቢጠፋ ማሽኑ ሲመለስ ከአምስተኛው ይቀጥላል፣ አራተኛው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። በሲመንስ ቀድሞ ማንበብን የሚያስቆም ለዚሁ የተበጀ ትእዛዝ አለ፣ ስቶፕሪ ይባላል። በፋኑክ ደግሞ ቀድሞ እንዳይነበብ የተደረገ የኤም ኮድ በመካከል ይገባል። ያኔ ቆጣሪው የሚጨምረው መሰርሰሪያው ከቀዳዳው ከወጣ በኋላ ነው። መብራቱ በቀዳዳው መጨረሻና በቆጣሪው መካከል ባለችው ጠባብ ጊዜ ቢጠፋ የሚሆነው የተበሳው ቀዳዳ እንደገና መበሳት ነው፤ መሰርሰሪያው ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ጉዳት የለውም። መሳሳት ካልቀረ ወደ መድገም መሳሳት ይሻላል ማለት ነው። ይህ ግን ለሁሉም ሥራ አይሠራም። ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ የሚያወጣው ማሾ ሁለተኛ ሲገባ የድሮውን ጥርስ ካልተከተለ ጥርሱን ያበላሸዋል ወይም ራሱ ይሰበራል። ጂ 91 እያለ በእርምጃ የሚሄድ ክፍልም ሲደገም ሌላ ቦታ ይቆርጣል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ሥራ ሲያስብ ይህ ቢደገም ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ይበላሻል ከሆነ ያን ክፍል ብቻውን ለይቶ፣ ከፊቱ ማረፊያ አድርጎለት፣ ኦፕሬተሩ እጅ ላይ ይተወው።

ፕሮግራሙ ራሱ አስታውሶ ራሱ እንዲቀጥልም አልመክርም። አሮጌው ፍላንጅ ተነሥቶ አዲስ ቢታሰር፣ ይህን የማያውቀው ፕሮግራም ከአራተኛው ቀዳዳ ይጀምርና ሦስቱን ሳይበሳ ይተወዋል። ትክክለኛው አካሄድ ፕሮግራሙ ሲጀምር ቆጣሪውን አይቶ፣ ከአንድ በላይ ሆኖ ካገኘው ቆሞ በስክሪኑ ላይ ለኦፕሬተሩ መናገሩ ነው። ፋኑክ ለዚህ #3006 የሚባል መልእክት አሳይቶ የሚያስቆም ተለዋዋጭ አለው። ኦፕሬተሩ መቁረጫውን በእጅ አውጥቶ፣ ብረቱን አይቶ፣ ሞርሳውን ፈትሾ ቀጥል ይላል ወይም ከዜሮ ያስጀምራል። የጥንቱ የጭረት ማብሪያ ሐሳብ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ማሽኑ ያስታውሳል፣ ሰው ይወስናል።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፣ ጠንካሮችም ናቸው። የመጀመሪያው ዛሬ ፕሮግራም በእጅ የሚጽፍ ማን አለ የሚል ነው። ሥዕሉ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ካም የሚባለው ሶፍትዌር በአሥር ሺህ የሚቆጠር መስመር ያወጣል፣ በውስጡ ዝላይ የለም። እውነት ነው፤ ለጎበጠና ለተጠማዘዘ የሞልድ ገጽ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም፣ እንዲህ ላለው ሥራ ዋይል መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ከሚፈልጉት ዕቃ አብዛኛው ቡሽ፣ ፍላንጅ፣ ፑሊና ሻፍት ነው፤ ቅርጹ አንድ፣ ልኩ የሚለያይ። ለእነዚህ ልክ ብቻ የሚለወጥበት አንድ ፕሮግራም መያዝ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሥዕል ከመሥራት ይፈጥናል፣ ለሶፍትዌር ፈቃድም ዶላር አይጠይቅም። ደግሞም ካም ያወጣው ቀጥ ያለ ፕሮግራም ከመቋረጥ ነጻ አይደለም። አሥር ሺህ ተመሳሳይ መስመር ውስጥ የት እንደቆሙ ማግኘት ከባድ ነው፤ መፍትሔውም ሶፍትዌሩ በየመቁረጫው ለውጥ ላይ ሙሉ ማረፊያ እንዲያወጣ ማስተካከል ነው። ይህን የሚያስተካክለው ሰው ማረፊያ ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ አለበት፤ እውቀቱ ሶፍትዌሩ ውስጥ ተሸጦ አይመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች ራሳቸው ከመሀል የማስጀመሪያ ዘዴ አላቸው የሚል ነው። አላቸው። የሲመንሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ ሳያንቀሳቅስ አስልቶ፣ በተባለው መስመር ላይ መኖር የነበረበትን ሁኔታ ያዘጋጃል። ፋኑክም የራሱ አለው። ድንቅ ዘዴ ነው፣ ኮሌጆቻችን ሊያስተምሩት ይገባል። ሆኖም የሚያሰላው ፕሮግራሙ የሚያውቀውን ነው። ብረቱ ሞርሳው ውስጥ መንሸራተቱን፣ መቁረጫው ጫፉ መሰበሩን አያውቅም። ፕሮግራሙ በራሱ ስሌት ተለዋዋጮችን እየቀየረ የሚሄድ ከሆነና እነዚያ ተለዋዋጮች ከመብራቱ ጋር ከጠፉ፣ ስሌቱ ራሱ ከተሳሳተ መነሻ ይጀምራል። በደንብ በተጻፈ ፕሮግራም ላይ ይህ ዘዴ ሰውን ያግዛል፤ በተዝረከረከ ፕሮግራም ላይ ሐሰተኛ መተማመን ይሰጣል፣ ይህም ከሌለበት ይብሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ሰዋዊ ነው፤ ለምን መብራቱን አናስተካክልም? ጄኔሬተር፣ የባትሪ መጠባበቂያ ግዙ ይላል። በሐሳቡ እስማማለሁ፤ የኤሌክትሪክ አስተማማኝነት ለኢንዱስትሪ ከተማ ቅንጦት አይደለም። ግን ጄኔሬተር እስኪነሳ ሰከንዶች ያልፋሉ፣ ለማሽኑ ሰከንድም ቢሆን ሙሉ መቋረጥ ነው። ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ መቆጣጠሪያውን በሕይወት ያቆያል፣ ስፒንድሉንና ሞተሮቹን ግን አይችልም። መብራቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ መቆም አይቀርም። መቁረጫ ይሰበራል፣ የብረት ፍቅፋቂ ይጠመጠማል፣ ኦፕሬተሩ ድምፅ ሰምቶ ቀዩን ቁልፍ ይመታል፣ ፈረቃ ይለወጣል። መብራት እምብዛም የማይጠፋባት ጃፓን ያለ ማሽንም ከመሀል መጀመር አለበት። የእኛ ሁኔታ ችግሩን አልፈጠረውም፣ ደጋግሞ አሳየን እንጂ።

አራተኛው፣ የድሮ ማሽኖች ላይ ተለዋዋጭና ዋይል በተጨማሪ ክፍያ የሚከፈቱ ስለሆኑ ሁሉም ዘንድ የሉም የሚለው ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን ንዑስ ፕሮግራም መጥራትና መመለስ፣ የጭረት ማብሪያውና በየመቁረጫው ራስ ላይ የሚጻፍ ሙሉ ማረፊያ በድሮዎቹም ላይ አለ፤ ከዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ትልቁ ክፍል በእነዚህ ብቻ ይሠራል። በአካባቢው ከሲኤንሲው ይልቅ በእጅ የሚሠራው ቶርኖ ይበዛል ለሚለኝም መልሴ ይኸው ነው። ይህ አስተሳሰብ ለፍሬዛ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የቢራ ጠርሙስ መሙያውንና የክር ማሽኑን የሚያዘው ፒኤልሲ የተባለው የፋብሪካ መቆጣጠሪያም ኃይል ሲመለስ የት ነበርኩ የሚለውን ጥያቄ ይጋፈጣል፣ እዚያም የሚቆይና የማይቆይ ማኅደረ ትውስታ አለ።

ለዝላይ ትእዛዝ ራሱስ ምን ቀረለት? ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1974 ለዳይክስትራ የሰጠው ምላሽ መልካም መነሻ ነው፤ ዝላይን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ የት እንደሚያገለግል መለየት። በሲኤንሲ ውስጥ ለጎቱ የምፈቅድለት ቦታ ወደ ፊት የሚሄድ መውጫ ነው። ልክ የማይሆን ቁጥር ከገባ፣ ራዲየሱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ምንም ሳይቆርጥ ወደ መጨረሻው ሄዶ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይቁም። ወደ ኋላ የሚሄድ ሁሉ ዋይል ይሁን፣ ቆጣሪውም መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ይሁን። ከድግግሞሽ ውጭ ካለ መስመር ወደ ድግግሞሽ መሀል መዝለል ፈጽሞ አይፈቀድ።

ይህ ሁሉ የሚመዘነው ግን በፈተና ነው። የሙያ ብቃት ምዘና ላይ የሚቀርብ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ፕሮግራም ጽፎ ዕቃውን በልኩ ማውጣት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ተጨማሪ ነገር ነው። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ መዛኙ በመረጠው ቅጽበት ዋናውን ማብሪያ ያጥፋ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያብራው። ሠልጣኙ መጀመሪያ ማሽኑን ሳይነካ የትኛው ቀዳዳ እንዳለቀ፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ፣ መቁረጫው አሁን ከፍታው የት እንደሆነ ይናገር። ከዚያ መቁረጫውን በእጅ ያውጣ፣ ማሽኑን ወደ ዜሮው ይመልስ፣ የሚያርፍበትን መስመር በጣቱ ያሳይና ያ መስመር ምን ምን እንደሚያውጅ አንድ በአንድ ይጥራ። ዕቃው በልኩ ከወጣ አልፏል። ይህን ለማድረግ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ብረትና ማብሪያውን ለማጥፋት የሚደፍር መዛኝ ነው።